ፋይን

የማዳም ትንሹ ልጅ፣ ራካን፣ ነው ያስተማረኝ፣
«እንዴት ነሽ ሲሉሽ፣ ፋይን በይ» እያለኝ።
ደህና ማለት ናት፣ አልኩ። ያዝኳት።
ወገቤ ሲቆረጥም፦ ፋይን።
ደሞዜ ሦስት ወር ሲያድርም፦ ፋይን።
ለእናቴም፣ በስልክ፣ ደረጃ እየወለወልኩ፣
ወደ አማርኛ መንዝሬ «ደህና ነኝ» አልኩ።

አንድ ቀን ሻርጃን አቧራ ሸፈናት፤
ማዳም የመስኮቱን ደፍ በጣቷ ዳሰሰች፣
«ፋይን» አለች። ደህና መስሎኝ ተውኩት።
ጮኸችብኝ።
ለካ ልም ማለትም ነው፤ እንደ በሶ የላመ፣
በዝግ መስኮት ገብቶ ሳንባ ላይ የከረመ።

ዛሬ፣ ላገሬ መግቢያ፣ መስኮት ቁጥር ዘጠኝ፣
ሰውዬው ፓስፖርቴን ገልጦ «ፋይን» አለኝ።
«ፋይን፣ ሹክረን፣ አንተስ?» አልኩት ፈገግ ብዬ።
አልሳቀም። ስክሪኑን አዞረው ወደ እኔ፤
ያለ ፈቃድ ያደርኩት እያንዳንዱ ሌሊት
በድርሃም ተቆጥሮ ተደርድሮበት።

ከኋላዬ የተሰለፈችው ሽታዬ ጠጋ ብላ፣
«ቅጣት ማለቱ ነው፣ እቴ» አለችኝ።

ታዲያ እኔ ስምንት ዓመት፣ እንዴት ነሽ ላለኝ ሁሉ፣
ቅጣት ነኝ ስል ነው የኖርኩት?

ራካን አሁን አሥራ ሦስት ሞልቶታል።
ይቺን ትርጉም ያኔ እሱም አያውቃትም።