አይነካም

ቡሳን፣ ዳገቱ ላይ፣ ቀይ የሸክላ ጡብ ቤት፤
ሴኡል ስትወድቅ ጊዜ መንግሥት የሸሸበት፣
ፕሬዚዳንቱ በልቶ፣ ተኝቶ የነቃበት፣
«ነገ እንመለሳለን» በየማታው የተባለበት፤
ዛሬ ሙዚየም ነው። እኔ ጠባቂው ነኝ፤
ፊሽካ አንገቴ ላይ አለ፣ ወንበር ግን የለኝ።
ሥራዬ አንዲት ቃል ናት፦ «አይነካም» ማለት፣
ለሕፃን፣ ለሽማግሌ፣ ካሜራ ላዘለ ቱሪስት።
«ጫማዎን ያውልቁ፣ ስሊፐር ያጥልቁ፣
ከገመዱ ወዲህ ቆመው ይጠይቁ።»

የጽሕፈት ጠረጴዛው አቧራ አያውቅም፤
ስልኩ ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ አይጮህም።
ግድግዳው ላይ ካርታ፤ ቀይ መስመር ሲወርድ፣
ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ባሕሩ ጫፍ ሲታገድ።
ተማሪ ሲመጣ በጣቴ አሳያለሁ፣
«ይቺ ናት የቀረችን» እላለሁ፤
በአውራ ጣት የምትሸፈን መሬት።

ሐሙስ ከሰዓት ነው። ካፊያ። ቤቱ ጭር ብሏል፤
የደረጃው ጣውላ ብቻውን ያቃስታል።
አንዲት ባልቴት መጡ በሐምራዊ ጃንጥላ፣
ከኋላ የልጅ ልጅ፣ ዐይኑን ስልክ የበላ።
ካርታውን አለፉት፤ ስልኩን አላዩም፤
ወንበሩ ባዶ ነው፣ ለሱም አልቆሙም።
ቀጥ ብለው ሄዱ ወደ ምግብ ክፍሉ፣
መንገድ እንደሚያውቅ ሰው፣ ቀስት ሳይከተሉ።

ገመዱ ማዶ ነው የእራት ጠረጴዛው፣
ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ጥልፍ የከበበው።
ጥጉ ላይ ጠባሳ፣ ቡናማ፣ ሾጣጣ፣
እንደ ታንኳ አፍንጫ ከጨርቁ የወጣ።
ሥሩ ጽሑፍ አለ፦ «በጦርነቱ ጊዜ
የደረሰ የእሳት ጉዳት»። ስንቴ አንብቤዋለሁ፤
ስንቱን ልጅ «ተመልከት፣ ቦምብ» ብዬዋለሁ።

ባልቴቷ ገመዱ ላይ ጎንበስ አሉ።
«አይነካም!» አልኩ።
«የኔ ነው» አሉ።

«እናቴ ነበረች የዚህ ግቢ አጣቢ፣
ከሰሜን በጭነት መርከብ፣ ሦስት ልጅ ጎታች፣ ሳቢ።
ከዚያ ካለው ጉብታ፣ ከካርቶን ቤታችን
ውሃ የምናመላልስ እኔና እኅቴ ነን።
ማታ የከሰል ካውያ እኔው እይዛለሁ፤
ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ቆሜ እተኛለሁ።
ቦምብ አይደለም ልጄ።
እንቅልፍ ነው።

እናቴ ሲነጋ ያንን ጥግ አጠፈች፣
ሳህን ጫነችበት፣ ‹እንዳትተነፍሺ!› አለች።
ሁለት ዓመት ሙሉ ሚኒስትር በላበት፣
ማንም አላየውም።
እናንተ ደግሞ መብራት አበራችሁለት!»
ሣቁ። ጥርሳቸውን በመዳፍ ሸፍነው።

የተማርኩትን አልኩ፦
«እማማ፣ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፣
ከማስረጃ ጋራ። ኮሚቴ ያየዋል።»
እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።
ክንዳቸው ላይ ያው ታንኳ፣ ያው አፍንጫ፣
ከልጅ ክንድ ጋራ ያደገ፣
ከባልቴት ክንድ ጋራ የተጨማደደ።

ቴሁን፣ የልጅ ልጁ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ።
«አያቴ፣ ይህን ነግረሽኝ አታውቂም።»
«ጥፋት ይወራል እንዴ?» አሉት።

ፊሽካዬን አልነፋሁም።
ገመዱን አንድ ክንድ ፈቀቅ አደረግሁት፤ ምናልባት ሁለት።
ነኩት።
በጣት አይደለም፤ በእጃቸው ጀርባ፣ ቶሎ፣
ካውያ ግሎ እንደሆነ እንደሚፈትሽ ሰው።

ሲወጡ እግራቸው ወደ ጓዳው ዞረ፤
«ያ በር ተቆልፏል» አልኳቸው፣ አፍሬ።
የእንግዳ መዝገቡ ላይ ስማቸውን ጻፉ፦ ኦክቡን።
«ከየት መጡ?» በሚለው ዓምድ፣ ሌላው ሰው
«ሴኡል»፣ «ቶክዮ»፣ «ዴጉ» ብሎ በሞላው፣
እሳቸው ጻፉበት፦ «በጓዳ በር»።

ዓርብ ሃያ ተማሪ መጣ።
ጽሑፉ ያው ነው፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወር አንዴ ነው።
አንዲት ልጅ፣ ከንፈሯ ላይ ከረሜላ፣ ጣቷን ቀሰረች፦
«ቦምብ ነው?»
«አይነካም» አልኩ፣ ከልማዴ።
ቆየሁና፣ ዝቅ ብዬ፣
«ተኝታ ነበር» አልኳት።