እቴጌ ብጣሽ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣
መስኮት ሥር ተቀምጬ ከመርፌ ከክር ጋር፣
እቴጌ ብጣሽን አስተኛኋት በጭኔ፣
ሆዷን ልተረትር፣ እየፈራሁ እኔ።

አሮጌ አልጥልም። ከተቀደደ ነጠላ ጥለቱን አንሥቼ
የዳዊት ማኅደር አለብሳለሁ ሰፍቼ፤
የእናቴን የሽርጥ ኪስ፣ ዘይቱ እንዳለበት፣
መነጽሬን አስተኛሁበት።
ይቺ ግን ሌላ ናት።

እቴጌ ብጣሽ ማለት የጨርቅ አሻንጉሊት፣
እናቴ የሰፋቻት በፋኖስ፣ በሌሊት፣
ከማታ ፈረቃ እግሯ አብጦ ገብታ፣
ጫማዋን አውጥታ፣ ሽርጧን ሳትፈታ።

ፊቷ ከአቡጀዲ፣ ክንዷ ከአንሶላ ጫፍ፣
ከንፈሯ በቀይ ክር፣ ሊስቅ የከጀለ አፍ፤
ፀጉሯ ከማሽን ሥር የተጠረገ ድር፣
መቀነቷ ጥብጣብ፣ ከአንጓች ሱቅ በብድር።
ዓይኖቿ ሁለቱም የአባቴ ኮት ቁልፍ፣
ተኚ ብላት ብላት የማይወስዳት እንቅልፍ።

በፋብሪካው በር ላይ፣ በዕለቱ ፍተሻ፣
«ይሄስ?» ተብላ እንደሁ፣ «ብጣሽ ነው፣ ቆሻሻ»
እያለች ያወጣች በእፍኝ በእፍኝ ጨርቅ፣
አንድ ክረምት ሙሉ ስትሰርቅ፣ ሳትሰርቅ።
እቴጌነቷንስ የሾምኳት እኔ ነኝ፤
አራት ዓመቴ ነው፣ ማን ሊከለክለኝ?

በደንገል ታንኳ ላይ ደብረ ማርያም ሄዳለች፣
ጉማሬ ያየን ዕለት ከኔ ቀድማ ፈርታለች፣
አንዴም ከእጄ ወድቃ ሐይቁን ጠጥታለች፣
እናቴ ከነልብሷ ዘላ አውጥታታለች፣
«ለብጣሽ!» ብላ አገር ስቃባታለች፤
ሦስት ቀን ከሽቦው ላይ እንደ ዓሣ ደርቃለች።

ልጄን ቤዛዊትን ያማራት ሌላ ናት፣
ከሱቁ መስታወት ቆማ ያየቻት፣
ወገቧን ሲጫኗት «እወድሻለሁ» ባይ፤
ባትሪዋ እስኪያልቅ ድረስ። ይኸን ልንገራት ወይ?
«ይቺማ አርጅታለች» አለች፣ ባዶ ዓይኗን አሳይታ፣
«ሆዷም ጎድጉዷል፣ እማ። ይርባታል ማታ።»

እውነቷን ነው። ጥጡ ቋጥሯል።
መቀሱን አነሣሁ።

የእናቴ ስፌት ጥብቅ ነው፣ እንደ ቂም አይለቅም፤
አንዱን ብትፈቺው ጎረቤቱ አያውቅም።
ጥጡ መሃል ገባሁ በሁለት ጣቶቼ፣
ያልጠበቅሁት ነገር ዳበሱ እጆቼ፤
ጥጥ ያልሆነ ነገር። ሳወጣው፣ ካልሲ ነው፣
የአንድ እግር፣ የሕፃን፣ አውራ ጣት የሚያክለው።
ሱፉ ቢወይብም ተረከዙ ደህና፤
ምድር አልረገጠም የለበሰው ገና።

የእኔ አይደለም፤ የእኔ ሰማያዊ ነው፣
ጥንዱ ከነጥንዱ ሣጥን ውስጥ ያለው።

ደወልኩ ለአክስቴ፣ ለእትዬ ይታይሽ፣ ዓባይ ማዶ።
ዝም አለች፣ አንድ ባጃጅ ከደጇ እስኪርቅ ሄዶ።
«ከአንቺ በፊት ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ቀን።»
«ስሙስ?»
«ለክርስትናው አንድ ቀን ሲቀረን...»
«ሻይ ጥጃለሁ» ብላ ዘጋችው።

ስንት ሌሊት ኖሯል እሱን ያቀፍኩት፣
ወንድሜን በጨርቅ ሆድ ይዤው የተኛሁት!
ያን ቀን ከነልብሷ ሐይቅ የገባችው፣
ለብጣሽ ነው ብለን የሳቅንባትስ? ተዪው።

ጥጡን አፍታትቼ ካልሲውን መለስኩት፤
ክሩን በሰም ስቤ መርፌውን አጎረስኩት።
ቤዛዊት አጠገቤ፣ ድዷን እየዳሰሰች፣
ለጣራ ያኖረችውን ጥርሷን አቀበለች።
«ይሄም ይግባ» አለች። «ብቻውን አይሁን።»
አልጠየቅኋት፣ መቼ እንደሰማች ስልኩን።

አንዱ ዓይኗ ቡናማ፣ የአባቴ የኮቱ፤
ሌላው ሐምራዊ ነው፣ የዩኒፎርም ደረቱ።
የእናቴን አይመስልም፣ ስፌቴ ላላ ይላል፤
ያላላሁት ሆን ብዬ፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው ይከፍታል።

እስከዚያው እቴጌ መስኮቱ ላይ ናት፤
አንዱ ዓይኗ እኛን ያያል፣ አንዱ ወደ ሐይቁ ሸውሮባት፤
ተኚ ብትላትም ልጄ፣ አሁንም እንቅልፍ የላት።