አሉ

ጎዋ፣ ማንዶቪ ወንዝ ዳር፣ ጀልባ የሚቆምበት፣
አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ድመት ያለበት፣
የፒዬዳዴ ቤት።
ጣሪያው የሸክላ ነው፤ ዝናብ ይቆጥርበታል፤
እሷን ከወገብ በታች ክረምቱ ያማታል፤
ግን ጭልፋ ከያዘች፣ ወንበሯ ላይ ሆና፣
ድስቱ ሁሉ ይፈራል፤ ክዳኑም ይላል ቀና።

እኔ ጥጉን ይዣለሁ፣ ሩዝና ዓሣ አዝዤ፤
አሳማ አልበላም፣ ያባቴን ሥርዓት ይዤ፤
ሽታው ግን ሥርዓት የለው፤ አጥር ዘሎ መጣ፣
ነጭ ሽንኩርት ለብሶ፣ ኮምጣጤ እየጠጣ።
ምራቄን ዋጥኩና ዓሣዬን አየሁት፤
ዓሣው አላየኝም።

ያን ጊዜ ከጎኔ የሉክናው ነጋዴ
ሰሃኑን ገፋና፣ «ፒዬዳዴ! ፒዬዳዴ!
ቪንዳሉ ነው ያልሽኝ፤ ሕፃን እንኳ ያውቃል፣
‹አሉ› ማለት ድንች ነው! ድንቹ የት ወድቋል?
ሥጋ በሥጋ ላይ! ሰው እንዲህ ይሸወዳል?»

ድመቷ ሸሸች።
ጭልፋዋን አኖረች፣
ቀስ ብላ፣ ክዳን ላይ፣ ጊዜ እንደተረፈው ሰው፦
«ልጄ፣ ያንን ድንች እዚህ ‹ባታታ› ነው የምንለው።
ይሄኛው ‹አሊዩ› ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ማለት፤
‹ቪንያ› ደግሞ ወይን፤ የፖርቹጋል መርከበኞች ያሉት።
በርሜል ሙሉ አሳማ፣ ስድስት ወር ባሕር ላይ፣
በወይን ተነክሮ፣ ተደብቆ ከፀሐይ።
መድኃኒት ነበረ፤ ጣፈጠ አላሉትም፤
አልሸተተም ካሉ፣ ሌላ አልጠየቁትም።

እዚህ ሲደርሱማ ወይናቸው አለቀ።
ከኛ ሰፈር አንዱ ገመዱን ታጠቀ፣
እንደ አጎቴ ቦስቲያው፣ ቅል በወገቡ አንግቶ፣
ኮኮናት ጫፍ ወጣ፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፤
ከአበባው የሚንጠባጠበውን ቀድቶ አወረደ፤
ማታውን ሰከረ፣ ሳምንት ቆይቶ ኮመጠጠ፣
ከዚያ ሥጋ ጋር ተዳረ። ሠርጉን ማንም አልጻፈም።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ፦ «በርበሬውስ?» አልኳት፤
ቅላቱን ሳየው ዘመዴን ያገኘሁ መስሎኝ ነው የጠየቅኳት።
«በርበሬ?» ሳቀች፣ ጉልበቷን በእጇ ይዛ፣
«እሱም ከሜክሲኮ ነው፣ በዚያው መርከብ ታዛ።
ከዚያ በፊት እዚህ ምላስ የሚያቃጥለው
ቁንዶ በርበሬ ነበር፤ ቀዩን ማን ሊያውቀው?
ያንተም ድንች» አለች፣ ወደ ነጋዴው ዞራ፣
«ባሕር አቋርጦ ነው፣ ከሰው አገር ተራራ፤
ስሙን ብቻ ነው እናንተ ዘንድ ያገኘው።»

ነጋዴው ዝም። እኔም ዝም።
በርበሬን «የኛ» ሳልል ያደርኩበት ቀን የለም።

በኔ ቋንቋ «አሉ» ማለት ሌላ ነው፤
ባለቤት ያጣ ወሬ ነው፤ «እንዲህ አሉ» የምንለው።
ደግሞም «አሉ» ማለት ያልሄዱት ናቸው፤
በር አንኳኩተህ፣ «አሉ?» ብለህ የምትጠይቃቸው።

ድስቱን አየሁት።
ጥርሱ የወላለቀ መርከበኛ፣ በርሜሉን እንዳቀፈ፤
ዛፍ ላይ የቀረው ሰውዬ፣ ንብ በቅሉ እየከነፈ፤
ከባሕር ማዶ፣ በርበሬ ለቅማ
ጣቷን ዓይኗ ውስጥ የረሳች ሴት፣ ስሟን ማንም ያልጠየቃት።
«አሉ?» አልኩ፣ በሆዴ።
ክዳኑ ተንጫጫ።

ፒዬዳዴ ግን ተነሥታ፣ እያነከሰች፣ ከምድጃው ሥር
ሌላ ትንሽ ድስት አወጣች፣ ለነጋዴው ልትጨምር፤
ድንች ሞልቶበታል!
«ለሰሜን ሰው የማበስለው ነው፤ ክርክር ያደክማል።
ሃያ ሩፒ ጨምር። ደግሞ ምን ይታወቃል፣
እኔ ስሞት ይሄም ‹የጥንት ነው› ይባላል።»

ነጋዴው በላ። ላቡ በጆሮው ወረደ።
ድመቷ ተመልሳ እግሬ ሥር ተኛች፤
ከወንዙ ማዶ ጀልባዋ ጮኸች።
እኔም ዓሣዬን በላሁ።
በርበሬ ነበረበት።