ሦስተኛው ዓምድ

ሎፎተን፣ በየካቲት፣ ቀን ማለት ጥቅሻ ነው፤
ገና ዓይኑን ሲከፍት ባሕር የሚውጠው።
ራስ አልባው ዓሣ በእንጨት ተሰቅሎ
በነፋስ ይደርቃል፣ እንደ ልብስ ተንጠልጥሎ።

እኔ የዓሣ ቤቱ መዝገብ ያዥ ነበርሁ፣
በግራ ገቢውን፣ በቀኝ ወጪ እየጻፍሁ፤
ጣቴ ቀለም ለብሶ፣ ካፖርቴ በጨው ገርሮ
ሠላሳ አንድ ክረምት አለፈ ተቆጥሮ።

ጉንቮር የምትባል ሴት፣ ባሏ ባሕረኛ፣
ለሥራ የማትደክም፣ ለወሬም አንደኛ።
ቢላዋ ስትጨብጥ፣ ዓሣ ስትበልት
አሥራ ሁለት በርሜል ነው፣ ጀንበር ሳትገባባት፤
መርፌ ካነሣች ደግሞ ለተቀደደ መረብ
ስድስቱን ትጨርሳለች፣ ሳትል ዘወር ቀረብ።

የባሏ ወንድም፣ ኢንግቫልድ፣ ደግ ሰው ነበረ፤
ደግነት ብቻውን መች መረብ ሰፍቶ አደረ?
ቀኑን ሙሉ ለፍቶ አንዲቱን ይጠግናል፤
ዓሣ ብቻ ቢሰጡት ስምንት በርሜል ይሞላል።
በሁሉም ትበልጣለች፣ በሁሉም ያንሳታል፤
ይህን እሱም ያውቃል።
ወደቡ ላይ ቆሞ፣ ከጓንቱ እያወራ፣
«እሷ ባለችበት እኔ ምኑን ልሥራ?»

አንድ ሌሊት ማዕበል ጀልባ ሁሉ ሲያስቀር
ፋኖሴን ለኩሼ ተቀመጥሁ ስደምር።
ስንት ሠሩ አላልሁም፤ ያንን ሁሉም ያውቃል፤
ይልቅ፣ አንዱን ሲይዙ ሌላው ስንት ይቀራል?

ጉንቮር አንድ መረብ ሰፍታ ስታነሣ
ሁለት በርሜል ብቻ ይቀራል ከዓሣ።
ኢንግቫልድ ያንኑ አንድ መረብ ቢሰፋ
ስምንቱም በርሜል ነው ባንድ ቀን የሚጠፋ።

ገረመኝ። ያ የተናቀው፣ ያ ዘገምተኛ ሰው
ዓሣውን በርካሽ ለካስ እሱ ነው የሚሰጠው፤
ወደብ ላይ ሲበልት የሚተወው ጥቂት፣
የእሷ ግን ብዙ ነው፣ በመረብ ሲሰሉት።

ሁለት እግር ስላለ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤
እኛ ዘንድ ዛፍ የለም፤ ጀልባ ነው፤ አይቆምም
ባንዴ በሁለት ጀልባ።

በነጋታው ነገርኋቸው። እሷ ሰገነት ወጣች፣ መርፌዋን ይዛ፤
እሱ ወደብ ዋለ። መረቡም፣ ዓሣውም በዛ።
ኢንግቫልድ ለሚስቱ ገዛ የሱፍ ካባ፣
ራሱም ቀና ብሎ ቤተ ክርስቲያን ገባ።
ማንንም አልበለጠም፤
ከዚያ ወዲያ ግን ከጓንቱ ሲያወራ አላየሁም።

በሦስተኛው ክረምት ጉንቮር መጣች ቢሮ፣
ክሩ ካንገቷ ላይ እንደ ሐብል ታስሮ።
«ሂሳብህ ልክ ነው» አለች፣ «አልከራከርም፤
ገንዘቡም ገብቷል፣ ቤቴም አልጎደለም።
ግን ወደቡ ላይ፣ ዓሣ ስንበልት፣
ማልፍሪድ ባሏን ስታማ፣ አሮጊቷ ስትስቅበት፣
እጅ በረዶ ሆኖ ልብ ሲሞቅ፣
መዝገብህ ውስጥ የትኛው ገጽ ላይ ነው ያ ሣቅ?
ሰገነት ላይ ብቻዬን ነኝ። ከታች ይሰማኛል፤
ሣቁ በደረጃው ይወጣል፤
ቀልዱ ግን እዚያው ይቀራል።»

ዝም አልሁ።
ገቢም አይደል፣ ወጪም፤ ምን ብዬ ልሰይመው?
ከገጹ ጠርዝ ባዶ ነበር፤ መስመር ሰጠሁት ለብቻው፤
ራስጌው ላይ ጻፍሁ፦ «የቀረው»።

«ሐሙስ ሐሙስ ልውረድ» አለች።
«ስድስት መረብ ይቀራል» አልሁ።
«ይቅር» አለች።
«እስከ ዛሬ ከፈልሁ፣ ዋጋውን ሳላውቀው፤
አሁን ቆጥሬ ልግዛ፤ ዕድሜው የኔ ነው።»

ወረደች። አንድ ሐሙስ ግን፣ በመጋቢት፣
ያልተሰፋው መረብ ባሕር ላይ ተተረተረበት
ለካፒቴን ኢስኪል። ዓሣው አመለጠው፤
ተመልሶ ወደቡን በስድብ ሞላው።
ኪሳራውን ጻፍሁት፤ አልቀነስሁም፤ እንደ ነበረው።

ከጎኑ፣ በጠባቡ ዓምድ፣ ቁጥር አጣሁ።
መስኮቱን ከፈትሁ። ብርዱ ገባ። ጠበቅሁ።
ከታች ማልፍሪድ ዛሬም ባሏን ታማለች፤
ጉንቮር፣ ቢላዋዋን ሽቅብ አንሥታ፣ ትስቃለች።
አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማሁ።
ለበርገን ነጋዴ ሦስት ደብዳቤ ነበረብኝ፤ አልጻፍሁም።
እነሱንም «የቀረው» ላይ አስገባኋቸው፤
አላዘንሁም።