ከቴሌ እንጨት አናት

ፎቶው ላይ አባቴ ከቴሌ እንጨት አናት ነው፣
ወገቡን በቀበቶ አስሮ፣ ማጅራቱን ፀሐይ ያከሰለው፣
ከታች ቆሞ ላነሣው ጓደኛው በቀኝ እጁ ሰላም ሲለው።

ያ ቀኝ እጅ ዛሬ እንግዳ ነው፤
ጭኑ ላይ መጥቶ ቁጭ ያለ፣
ምን ፈልጌ መጣሁ የማይል፣ ልሂድም ብሎ ያላለ።

ሰንጋ ተራ ጓሮ ነበረን፤ አጥሩ ቆርቆሮ፣ ጠዋት የሚግል፣
በርጩማውን ይዞ ከፀሐይዋ ጋር ዞሮ ዞሮ የሚውል።
ሰፈሩ ፈረሰ። ዕጣ ወጣ። ልደታ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሊፍት የለው፤ መስኮቱ ከፊት ካለው ብሎክ ጋር የሚተናነቅ።
ስትሮኩ እዚያ አገኘው፤ በጥቅምት፣ ካልሲውን ሲያጠልቅ።

ሁለት ዓመት፣ ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ፤
መጋረጃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ዓይኑን እንዳይወጋ።
ወይዘሮ ተዋበችም አሉ፦ "ተዉ፣ በፀሐይ አይውጣ፣
የደከመ ሰውነት ነው፣ ምች እንዳያመጣ።"
እሺ አልን። ምች ፈርተን ጨለማ አጠጣነው።

ከስምንት ሜትር እንጨት ላይ አንድ ቀን ወድቆ የማያውቀው፣
ከአልጋው ጠርዝ እስከ ፖፖው፣ አንድ እርምጃ ላይ ተሰበረ።
ድምፁን ሰማሁት፤ እንደ ደረቅ ሸንበቆ ነበረ።

ጥቁር አንበሳ። ዶክተር ምንታምር ወረቀቱን አየች፤
"ቫይታሚን ዲ... ዘጠኝ። ፀሐይ ይሞቃል ወይ?" ጠየቀች።
ከኋላዋ የአምናው ካላንደር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣
"የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ" ይላል።
እኔ መልስ አጣሁ። እሱ "እሺ" አለ፤
የተረፈችው ቃል እሷ ናት፣ ለሁሉም ትሆናለች።
ዶክተሯ ቀጠለች፦
"ያልተረገጠበት እግር አጥንቱን ይረሳል፣
ብርሃን ሲያጣ ደግሞ እንደ ቆየ ጨርቅ ይሳሳል።"

አሁን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከሁለት የሠፈር ጎረምሶች ጋር፣
በሰማያዊ ፕላስቲክ ወንበር ሰባ ሁለት ደረጃ እናወርደዋለን።
ጭኑ ውስጥ ብረት አለ፤ መታጠፊያው ላይ ትንፋሽ እንይዛለን።
ከነማ የተሰለፍኩለት ኪኒን ኪሴ ውስጥ ይንኳኳል፣
ከታች ቅባት የተቀባ ጨቅላ እናቱ ጉልበት ላይ ይሞቃል።
ወንበሩን ከጎኗ አኖርን።
ሁለቱም ጥርስ የላቸውም። ሁለቱም አፋቸውን ከፈቱ።
ወይዘሮ ተዋበች ከበረንዳ "ምች!" ብለው ባርኔጣ ጣሉልን ለአናቱ።

ጥላው ቀኝ ጭኑ ላይ ቀርቶ ነበር።
ግራ እጁ ቀስ ብሎ ሄደ፣
እንግዳውን በክንዱ ያዘ፣
ወደ ፀሐዩ አሻገረው፤ መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠለት፣
ደህናውን ወንበር ለእንግዳ እንደሚለቁለት።