ለሰው አይሰጥም

አዘዞ ወረደ በበረዶ ታጭቆ፣
ስንት ባሕር አልፎ፣ ጉምሩክ ቤት ማቅቆ፤
አውራ ጣት የሚያህል የመስታወት ብልቃጥ፣
ታቹ ነጭ ብናኝ፣ ከዓይን የሚያመልጥ።

የሰው ሆርሞን ነው፤ ግን ሰው አላበቀለው፣
ደም ሥር አላዞረው፣ እጢ አልቋጠረው፤
ከሰው ዘር መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ገልብጠው፣
ለባክቴሪያ ሰጡት፣ በቃል አስጠንተው።
ትርጉሙ ሳይገባው፣ እንደ ቆሎ ተማሪ፣
ሌት ተቀን ደገመው፣ በብረት ጋን አዳሪ፣
የኛን ቃል ቀጸለው ያ የአንጀት ነዋሪ።

በዚያ ሌሊት ታዲያ፣ ከሆስፒታሉ ጓሮ፣
መብራት ድርግም አለ፣ እንደ ልማዱ፣ እንደ ድሮ፤
ጄኔሬተሩ ሳለ። ሁለቴ ሳለና ተወው።
«ናፍጣ የለም» አለኝ ዘበኛው አዛናው፣
በባትሪው ጭላንጭል ፊቴን እያነበበው።
ትናንት በጠብታ ውሃ አሟሙቼው ነበር፤
ከሞቀ አበቃ፤ የሁለት ዓመት በጀት ሊቀበር።
አራት ዲግሪ። ስድስት። ስምንት ሊል ነው።

አዛናው ጠፋ፤ ወደ አራዳ ገሰገሰ፣
አንድ ዓሣ ነጋዴ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰ፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መጣ፣ ጀርባው ርሶ፣
ጆንያ ሙሉ በረዶ፣ ሽታው ቀረሶ፣
የጎርጎራ ቀረሶ።
ብልቃጡን እዚያ ውስጥ እስከ አንገቱ ቀበርነው፤
ቁጥሩ ወረደ፤ እኛም ትንፋሻችንን ዋጥነው።

«ይኸ ያሯሯጠን» አለ፣ ላቡን ሲጠርግ፣
«ምን የሚያደርግ ነው?»
«የሚያሳድግ።»
ምነው ምላሴን በቆረጠው።

«የኔዋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ደብሪቱ።
በሩ መቃን ላይ አለ፣ በከሰል ያሰመርኩት ምልክቱ፤
ሦስት ክረምት ሆነው፣ አላለፈችውም።
ሐኪሙ ስሙን ነግሮኛል፤ መድኃኒቱ ግን የለም።»

ብልቃጡን ወደ ባትሪው አዙሮ፣
«ምን ይላል?»
አነበብኩለት፦ ለምርምር ብቻ። ለሰው አይሰጥም።
«የማን ነው ያልሽኝ?»
«የሰው።»
ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።
«ያባይን ልጅ ውሃ ጠማው» አለና ወጣ።

ለምን እንደማይሆን ላስረዳው ነበር፤
ንጽሕናውን፣ መጠኑን፣ ሕጉን።
ሁሉም እውነት ነው። ሁሉም እውነት ሆኖ
ከአንድ የበር መቃን አጠረብኝ።

ጠዋት ሴሎቼን መገብኩ፣ እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፤
ቆጠርኳቸው፤ ቁጥራቸው እጥፍ ሆኖ በረከተ።
ማታ በር ላይ ቦርሳዬን ፈተሸ፣
ምንም እንዳልወጣ አየ፣ ዚፑን መልሶ ዘጋ።
«ልጆቹስ» አለኝ፣ «አደጉ?»

«አደጉ» አልኩት።