ሳይመጣ የሚጮኽ

ጥቅምት ሊያልቅ ነው፤ የዊኒፔግ ሰማይ ግራጫ ለብሷል፣
"ሐሙስ ማታ በረዶ" ተብሎ ተነግሯል፤
መጋዘኑም ለሠራተኛው አዝኗል፤
ጎሚስታ ከውጭ ተጠርቷል፣
በሥራ ሰዓት፣ እዚሁ ግቢ፣ የክረምት ጎማ ሊገጥም።
ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ እኔን ብቻ
እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሥራዬ ስም ረጅም ነው፤ ደረቴ ላይ ተለጥፏል፤
ባጭሩ ግን ክፉ ክፉውን ማሰብ ነው።
መሬቱ ያዘነብላል? ክሪኩ በምን ላይ ይቆማል?
ከባዱ መኪና ሲዞር ጭራው እስከ የት ይጠርጋል?
ቁልፉን ማን ይይዛል? ኢንሹራንሳቸው ታድሷል?
ተረቱ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይላል።
እኔ የተቀጠርኩት ጅቡ ሳይመጣ ልጮኽ ነው።
ሳይመጣ የሚጮኽ ውሻ
ማን ይወዳል?

ሁለት ሰዓት ላይ መጡ፤ ነጭ ቫን፣ ሁለት ሰው፤
ዳሪል ሽበታም፣ ኮልተን ገና ልጅ፤
ኮምፕረሰራቸው እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ ያስላል።
ወረቀቱን አቀረብኩ። ዳሪል ሳቀ፤
"ሃያ ሁለት ዓመት ጎማ ፈታሁ፣ ጎማ አሰርኩ፤
አንድም ሰው አልሞተብኝ።"
"እግዜር ይመስገን፤ እዚህ ጋ ፈርም" አልኩት።
ፈረመ፤ እስክሪብቶውን ግን
ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው ተጫነው።

ታኮ አስደረግሁ፤ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ፤
የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ሰው ሁሉ ከመኪናው ወርዶ፤
አሥራ ሁለት ብርቱካናማ ኮን ተሰለፈ።
ኮልተን ኮኖቹ ሥር ተንበርክኳል፣
ጀርባውን ለመንገዱ፣ ጆሮውን ለዘፈን ሰጥቶ።
"ልጄ፣ ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ግባ።"
"ቦታው እኮ ይበቃል።"
"ይበቃል። ግባ።"
ክሪኩን እየጎተተ፣ እያጉረመረመ ገባ፤
የማሪቪክ መኪናም ተከትሎት ገባ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አጥናፉ መጣ፤
መኪናው ተሰቅሏል፣ ምሳው የኋላ ወንበር ላይ ነው።
"እጄን ብቻ ላስገባ።"
"አይሆንም።"
"ምስር ወጥ ነው እኮ፣ ፈንጂ አይደለም!"
"ገባኝ። አይሆንም።"
"አንቺ ለመሆኑ ሰው ታምኛለሽ?"
ሰውንስ አምናለሁ፤ ክሪክን ነው የማላምነው፣
ልለው ስል ሄደ።
ከማሽን ብስኩት ገዝቶ ጀርባውን አዙሮብኝ በላ፤
የኛ ሰው ሲከፋው ጀርባው ይናገራል።

አሥራ ሰባት መኪና፣ ስልሳ ስምንት ጎማ፤
አንድ ጣት አልተቆረጠ፣ አንድ ቁልፍ አልጠፋ።
ለያንዳንዱ ብጣሽ ወረቀት አደልኩ፤
"መቶ ኪሎ ሜትር ስትነዱ ብሎኑን አስጠብቁ።"
ገሚሱን ኪስ ዋጠው፣
ገሚሱን ከአጥር ሥር ለቀምኩ።

ቫኑ ሄደ። ቅጹን ሞላሁ።
የተጎዳ? የለም። የተሰበረ? የለም።
የቀን ሥራዬ ጠቅላላ
እነዚህ ሦስት ፊደላት ናቸው።

ኮን ልሰበስብ ወጣሁ፤ ጨልሟል፣ በረዶው ጀምሯል።
አሥራ አንድ ቆጠርኩ።
አሥራ ሁለተኛው ነበረ፤ ቂጣ ሆኖ፣
አስፋልቱ ላይ ተለጥፎ፣
ሰፊ የጎማ ጥርስ ታትሞበት።
መቼ? ማንም አላየ፣ ማንም አልሰማ፤
ሾፌሩም ያወቀ አይመስለኝም።
በእግሬ ለካሁት፤
ኮልተን ጠዋት ከተንበረከከበት አንድ ክንድ።

ጅቡ መጥቶ ነበር ለካ።
መጥቶ፣ አሽትቶ፣ ቦታው ባዶ ቢሆንበት
ኮን በልቶ ሄደ።

ቅጹን መልሼ ከፈትኩ፤
"ለጥቂት የተረፈ" የሚል ሳጥን አለ፣ ስም ይጠይቃል።
ኮልተን፣ ብዬ ጻፍኩ።
የአባቱን ስም አላውቀውም።

በር ላይ አጥናፉ ባጠገቤ አለፈ፤
መስኮቱን አልከፈተም፣ እጁን አላነሳም፤
አዲሱ ጎማው በረዶውን ነክሶ ቀጥ ብሎ ወጣ።
ነገም ይኩረፈኝ።
ምሳውን በሁለት እጁ እየበላ
ይኩረፈኝ።